ፍለጋና የትምህርት ዓላማ፦ ተረቱና እውነታው

በሮቤና በጎባ መካከል ባለው አጭር መንገድ ሲመላለስ የኖረ መምህር፣ ከሳነቴ አምባ የሚወርደውን የማለዳ ብርድ ተቋቁሞ ወደ ክፍሉ በገባ ቍጥር፣ በተማሪዎቹ ልቡና ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ እምነት ያገኛል፤ ይኸውም በበይነ መረብ ተፈልጎ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተገኘ ነገር ሁሉ እውነት ነው የሚል ነው።

ከገዛ ደጃችን ምሳሌ ላንሣ። «በከፍታው ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁለተኛው የትኛው ነው?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ፣ ብዙ ድረ ገጾች «ቱሉ ዲምቱ» ብለው ሲመልሱለት ያያል፤ የባሌ ልጅ ነውና መልሱ ደስ ያሰኘዋል፣ ስለዚህም ከዚያ ወዲያ አይመረምርም። ዳሩ ግን ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን፣ በሰሜን ተራሮች ራስ ደጀንን ሳንቈጥር፣ ቅዱስ ያሬድና ቧሂት የተባሉት ሁለቱም ከ4,400 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ የተነሣ የተራራችን ክብር አይጓደልም፤ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነውና። ነገር ግን አንድ ስሕተት ከገጽ ወደ ገጽ እየተቀዳ ሲበዛ፣ ብዛቱ ራሱ ምስክር ይመስላል። ጎግልም ሆነ ሌላው መፈለጊያ ገጾችን በተራ የሚያሰልፈው፣ ከተጠየቀው ቃል ጋር ያላቸውን ዝምድና፣ ሌሎች ገጾች ወደ እነርሱ ማመልከታቸውንና ይህን የመሳሰለውን ምልክት አይቶ ነው እንጂ፣ ተራራውን ለክቶ አይደለም። እውነቱን የሚሻ ሰው «ሁለተኛው ማን ነው» ብሎ ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ፣ የእያንዳንዱን ተራራ ልክ ለየብቻ ፈልጎ እርስ በርስ ቢያስተያይ ይሻለዋል።

ቃሉን መጻፍ ብቻ ይበቃል የሚለውም እምነት እንዲሁ ያሳስታል። ስለ ቀይ ቀበሮ ሊያጠና የተነሣ ተማሪ ስሙን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ የሚመጣለት በአውሮፓ ደን የሚኖር ሌላ አውሬ ነው። የእኛው እንስሳ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ተኵላ» ይባላል፤ ቀድሞ «የሰሜን ቀበሮ» ይሉት ነበር፤ በአፋን ኦሮሞ ስሙ ጄዳላ ፈርዳ ነው፤ የሊቃውንት ስሙም ካኒስ ሲሜንሲስ ይባላል። በዓለም ላይ ከቀሩት ከግማሽ የሚበልጡት በእነዚሁ በባሌ ተራሮች ሲኖሩ፣ የጎረቤቱን ስም ያላወቀ ተማሪ የሩቅ አገር አውሬ ሥዕል ይዞ መምጣቱ ያሳዝናል። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመሩ አስቀድሞ ነገሩ በስንት ስም እንደሚጠራ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። የፊደላችንም ነገር አይዘንጋ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለመፈለጊያው ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና፣ በአንዱ ያልተገኘ በሌላው ይሞከር። የዘመን አቈጣጠሩም እንደዚሁ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጆቹ 2023 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህን ያልለየ ተማሪ ሁለት ምንጮች የተጣሉ ይመስለዋል።

ወጣቶች ከስልክ ጋር ስላደጉ ፍለጋን ያውቃሉ የሚሉም አሉ። ጣት መፍጠኑ ልቡና መመርመሩን አያስረዳም፤ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

እኔን ይልቁን የሚያስጨንቀኝ፣ የፍለጋው ድካም ከተማሪው ዘንድ ሳይሆን ከእኛ ከመምህራኑ የዕለት ዕቅድ መጀመሩ ነው። «ተማሪዎች ስለ ስንዴ ዋግ ይረዳሉ» ብለን እንጽፍና «ስለ ዋግ ፈልጋችሁ ኑ» ብለን እንልካለን። ልጁ መቼ እንደሚበቃው አያውቅምና የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጦ ይመጣል፤ በዚህም ልንወቅሰው አይገባም። «መረዳት» በልብ ውስጥ የተሰወረ ነገር ነው፣ ዐይን አያየውም። «ተማሪው ከማሳ የመጡ ሦስት የታመሙ ስንዴዎች ሲቀርቡለት ቢጫ ዋግን፣ የግንድ ዋግንና የቅጠል ዋግን ለይቶ፣ ምልክታቸውን ይናገራል» ብንል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት፣ በግንዱ ላይ የሚፈነዳ ጡብ መሰል ቡናማ ቍስል፣ በቅጠሉ ላይ የተበተነ ብርቱካንማ ነጠብጣብ፤ ልጁ ሊፈልገው የሚገባው ይህ ነው፣ ባገኘውም ጊዜ ማግኘቱን ያውቃል። እዚሁ አጠገባችን ያለው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴ ላይ የሚደክም ስለሆነ፣ ፍለጋው ከመስኮቱ ወጥቶ እስከ ማሳ ሊደርስ ይችላል።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ ከፈረንጅ የመጣ እንግዳ ሥርዓት ነው የሚል ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እርግጥ ነው፣ ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር በ1956፣ ሮበርት ሜገርም በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጻፏቸው መጻሕፍት ነገሩን በሥርዓት አስቀምጠውታል፤ ሜገር በተለይ ተማሪው የሚያደርገው፣ የሚያደርግበት ሁኔታና የሚመዘንበት ልክ አብረው ይጻፉ ብሎ አስተምሯል። ነገር ግን ፍሬ ነገሩ ከአባቶቻችን ጉባኤ የራቀ አይደለም። የንባብ ቤት ተማሪ ዳዊት መድገሙን የሚያስመሰክረው በመምህሩ ፊት አንብቦ ነው፤ የቅኔ ቤት ተማሪም ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ለመምህሩ ሳይነግር ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም። በባሌ ቁርኣን ቤቶችም በሎሑ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ያልያዘ ልጅ፣ ሎሑ ታጥቦ ሌላ አይጻፍለትም። ከእነዚህ መምህራን አንዱም «ይረዳል» በሚል ቃል ብቻ ረክቶ ተማሪውን ያሳለፈ የለም።

ስለዚህ በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያው የምታስተምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ነገ ተማሪዎቻችሁን ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ከመስደዳችሁ በፊት፣ ሲመለሱ በፊታችሁ ምን ሠርተው እንደሚያሳዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው፤ እነርሱም የሚፈልጉትን ነገር ስሞች ሁሉ በደብተራቸው ጽፈው ሳይጨርሱ አንድ ፊደል እንኳ አይንኩ።