የሥራ ባህል በርቀትና በቅይጥ ቡድኖች

የርቀት ሥራ ማለት ሠራተኞች ወደ መሥሪያ ቤት ሳይሄዱ ከቤታቸው ወይም ከሌላ ቦታ ሆነው በስልክና በኢንተርኔት የሚያከናውኑት ሥራ ነው። ከሥራ ቀናት ከፊሉ በመሥሪያ ቤት፣ ከፊሉ በርቀት ሲሠራ ደግሞ ቅይጥ ሥራ ይባላል። የሥራ ባህል አንድ ቡድን እንዴት እንደሚነጋገር፣ እንዴት እንደሚወስን፣ ማን እንደሚመሰገንና ስሕተት ሲፈጠር ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጻፈ ልማድ ነው። በመሥሪያ ቤት ይህ ልማድ አብሮ በመዋል ይለመዳል፤ በርቀት ግን ታስቦበት ካልተሠራ ይላላል።

ታሪክ

ከቤት ሆኖ በመገናኛ መሣሪያዎች መሥራትን «ቴሌኮሚዩቲንግ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1973 የሰየመው አሜሪካዊው ጃክ ኒልስ ነው። ሐሳቡ ሠራተኛውን በየቀኑ ወደ ሥራው ከማመላለስ ይልቅ ሥራውን ወደ ሠራተኛው በመውሰድ የመንገድ መጨናነቅንና የነዳጅ ፍጆታን መቀነስ ነበር። አሠራሩ ለብዙ ዓመታት በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ተወስኖ ቆየ፤ በ2013 ያሁ የተባለው ኩባንያ ከቤት የሚሠሩ ሠራተኞቹን ወደ ቢሮ እንዲመለሱ አዞ ነበር። በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሲስፋፋ ግን በብዙ አገሮች የቢሮ ሠራተኞች በድንገት ከቤት መሥራት ጀመሩ። ከወረርሽኙ በኋላም ብዙ ድርጅቶች ቅይጥ አሠራርን ይዘው ቀጥለዋል።

ርቀት በግንኙነት ላይ ያለው ተጽዕኖ

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ ቶማስ አለን በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለት ባለሙያዎች ስለ ሥራ የመነጋገራቸው ዕድል በመቀመጫቸው መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር በፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ርቀቱ ከ50 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ይሆናል።

በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በአሜሪካ የሚገኙ ከ61 ሺህ በላይ የማይክሮሶፍት ሠራተኞችን የ2020 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ግንኙነት መርምሯል። ሁሉም ከቤት መሥራት ሲጀምሩ ግንኙነታቸው በየቡድናቸው ታጥሮ ቀረ፤ በተለያዩ ክፍሎች መካከል የነበረው ትስስር ሳሳ። የቀጥታ ንግግርም በከፊል በኢሜይልና በአጫጭር መልእክቶች ተተካ።

የፍትሐዊነት ጥያቄ

በርቀት ሥራ ከሚነሡት ችግሮች አንዱ በዓይን የማይታይ ሠራተኛ መረሳቱ ነው። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በሻንጋይ በሲትሪፕ የጉዞ ኩባንያ የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ላይ ለ9 ወራት ሙከራ አካሂደው ነበር። ከቤት የሠሩት ሰዎች የሥራ ውጤት በ13 በመቶ ጨመረ፤ ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ። ነገር ግን ከሥራ ውጤታቸው አንጻር ሲታይ የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ዝቅ አለ። ከቤት ይሠሩ ከነበሩትም ብዙዎቹ በኋላ ወደ ቢሮ መመለስን መረጡ፤ አንዱ ምክንያት ብቸኝነት ነበር።

በዚያው ኩባንያ በ1,612 ሠራተኞች ላይ የተደረገና በ2024 የታተመ ጥናት የተለየ ውጤት አሳይቷል። በዚህ ጊዜ የሙከራው ተሳታፊዎች ረቡዕና ዓርብ ከቤት መሥራት ሲፈቀድላቸው በቀሩት ቀናት ቢሮ ይገኙ ነበር። ሥራ የሚለቁት በአንድ ሦስተኛ ሲቀንሱ በሥራ ምዘናና በደረጃ ዕድገት ላይ ጉዳት አልታየም።

የማሻሻያ መንገዶች

ጽሑፍ፦ በኮሪደር የተባለ ነገር ለራቀው ባልደረባ አይደርስም። ስለዚህ ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ሁሉም በሚያገኘው ቦታ ይጻፋሉ፤ የእያንዳንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ይያዛል። ጊትላብ የተባለው ሙሉ በሙሉ በርቀት የሚሠራ የሶፍትዌር ኩባንያ የአሠራር መመሪያውን ማንም እንዲያነበው በኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል።

ስብሰባ፦ አሥር ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ሰው ብቻ በስክሪን ሲገባ፣ ያ ሰው የጎንዮሽ ንግግሩን አይሰማም፤ ተራ ለማግኘትም ይቸገራል። አንዳንድ ቡድኖች አንድ ሰው እንኳ በርቀት ካለ ሁሉም በየራሱ ኮምፒውተር እንዲገባ ያደርጋሉ።

ምዘና፦ ሠራተኛው የሚመዘነው ባሳለፈው ሰዓት ወይም በመታየቱ ሳይሆን በሥራ ውጤቱ ሲሆን፣ የደረጃ ዕድገት መስፈርትም አስቀድሞ ተጽፎ ሲታወቅ አድልዎ ይቀንሳል።

ሰዓት፦ አዲስ አበባ ከዋሺንግተን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ትቀድማለች። በአዲስ አበባ የሥራ ቀን በሚያልቅበት 11 ሰዓት ዋሺንግተን ገና ጠዋት ስለሆነ፣ የጋራ ስብሰባ ብዙውን ጊዜ የአንዱን ወገን የዕረፍት ጊዜ ይነካል። ጫናው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ እንዳይወድቅ የስብሰባው ሰዓት ይፈራረቃል። በተጨማሪም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጠዋቱ 3 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር 9 ሰዓት በመሆኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ መጻፍ አለበት።

ዕረፍት፦ ቤት ቢሮ ሲሆን ሥራው ማብቂያ ሊያጣ ይችላል። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት የመራቅን መብት በሥራ ሕጓ አካትታለች። ፖርቱጋልም በ2021 አሠሪዎች ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠራተኞቻቸውን ከማነጋገር እንዲቆጠቡ ደንግጋለች።

በአካል መገናኘት፦ ሁሉም በአንድ ቀን ቢሮ የሚገኙበት ፕሮግራም ከሌለ ቅይጥ ሥራ ጥቅሙን ያጣል፤ ቢሮ የመጣው ሰው ባዶ ጠረጴዛዎች መካከል ተቀምጦ የቪዲዮ ስብሰባ ሲያደርግ ይውላል። የጋራ ቀናት በተለይ ሥራውን ከሌሎች አይተው ለሚማሩ አዲስ ተቀጣሪዎች ይጠቅማሉ።

ገደቦች

ነርስ፣ የፋብሪካ ሠራተኛና ሾፌር ሥራቸውን ከቤት ማከናወን አይችሉም፤ ስለዚህ በአንድ ድርጅት ውስጥ የርቀት ሥራ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው ሲቀር ቅሬታ ሊፈጠር ይችላል። የመብራት መቋረጥ፣ ደካማ ኢንተርኔትና የቤት ጥበትም ዕድሉን ያጠባሉ። መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የተስማማ ቡድን በኔትወርክ ምክንያት የዘገየን ባልደረባ እንደ ሰነፍ ከመቁጠር ይድናል።