«ተሽሎኛል» መቼ ማስረጃ ይሆናል?

በማሳቹሴትስ ግዛት ጎረቤታሞች በሆኑት በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች፣ በ1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፋብሪካ ሠራተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ሪቻርድ ክላርክ ካቦት የተባለ የቦስተን ሐኪም የእነዚህ ሰፈሮች ወንዶች ልጆች ነገር ያሳስበው ነበር። ሰውየው ለአዲስ ነገር እንግዳ አይደለም፤ በ1905 በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የማኅበራዊ ሠራተኞችን አገልግሎት ያስጀመረ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሣ፦ ወደ ጥፋት ሊያዘነብል የሚችል ልጅ፣ ለዓመታት የሚከታተለው አንድ አዋቂ ወዳጅና አማካሪ ቢመደብለት መንገዱ ይቃና ይሆን?

አብዛኛው በጎ አድራጊ እዚህ ላይ ሲደርስ ገንዘብ አሰባስቦ፣ አማካሪ ቀጥሮ ሥራውን ይጀምራል። ካቦት ግን መጀመሪያ ያሰበው ስለ መለኪያው ነው። ልጆቹ በዕድሜ፣ በትምህርት ችሎታ፣ በቤተሰብ ሁኔታ፣ በሰፈርና ወደ ወንጀል የመሳብ ዕድላቸው በተገመተበት ነጥብ እየተመሳሰሉ ጥንድ ጥንድ ተደረጉ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ጥንድ ሳንቲም ተወረወረ። ዕጣ የወጣለት ልጅ አማካሪ አገኘ፤ ጓደኛው እንደ ወትሮው ኑሮውን ቀጠለ። አገልግሎቱ በ1939 ሲጀመር 325 ጥንዶች ነበሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአማካሪዎችን ቁጥር ሲያሳሳው ከአገልግሎቱ የወጣ ልጅ ሁሉ ጥንዱም አብሮት ከጥናቱ እንዲወጣ ተደረገና 253 ጥንዶች ቀሩ። ይህ ተራ የመዝገብ ሥራ ይመስላል፤ ግን አንዱን ብቻ አስወጥቶ ሌላውን ማስቀረት ሳንቲሙ ያመጣውን ሚዛን ማዛባት ይሆን ነበር።

አማካሪዎቹ በአማካይ በወር ሁለት ጊዜ ቤት ለቤት እየሄዱ፣ በአማካይ ለአምስት ዓመት ያህል ልጆቹን ረዱ። የቤት ሥራ አስጠኑ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰዱ፣ በቤተሰብ ጠብ መሃል ገብተው አስታረቁ፣ ክረምት ሲመጣ ወደ ካምፕ ላኩ። ካቦት ፕሮግራሙ በተጀመረበት ዓመት ስለ ሞተ ውጤቱን አላየም። በ1951 የታተመው የመጀመሪያው ግምገማ በሁለቱ ቡድኖች መካከል በወንጀል ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። «ገና ልጆች ናቸው፣ ፍሬው ቆይቶ ይታያል» የሚል መጽናኛ ግን ነበረ።

ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ቆይታ ለማየት ተነሣች። አገልግሎቱ ካበቃ ከ30 ዓመት በኋላ የፍርድ ቤት፣ የሆስፒታልና የሞት መዝገቦችን እያገላበጠች፣ ለጎልማሶቹም መጠይቅ እየላከች ተከታተለቻቸው። አማካሪ ከነበራቸውና መልስ ከሰጡት መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ «ጠቅሞኛል» አሉ። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ እስር ቤት እገባ ነበር ያሉም አሉ። ማንም አማካሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

መዝገቦቹ ግን ሌላ ተናገሩ። በ1978 ባሳተመችው ጽሑፍ አማካሪ የነበራቸው ሰዎች በሰባት መለኪያዎች ካልነበራቸው ብሰው ተገኙ፦ ወንጀል የሠሩት ወንጀሉን የመድገማቸው ዕድል ሰፋ፣ የአልኮል ሱሰኝነትና የከባድ የአእምሮ ሕመም ምልክት በዛባቸው፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ተጋለጡ፣ ሥራቸው ዝቅ ያለ ሆነ፣ በሥራቸውም ብዙ አልረኩም፣ የሞቱትም ባነሰ ዕድሜ ነው የሞቱት። በአንዳቸውም መለኪያ ቢሆን አማካሪ የነበራቸው በልጠው አልታዩም።

አመስጋኞቹ ዋሹ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው የኖረውን አንድ ሕይወት ብቻ ነው፤ ያልኖረውን ለማየት ዕድል የለውም። ሳንቲሙ በሌላኛው ጎኑ ቢወድቅ ምን ይሆን እንደነበር በግምት ሊነግረን የሚችለው ጥንዱ ነው። ለእኔ የምርምር ዘዴ የሚባለው ትምህርት ነፍሱ ያለችው እዚህ ላይ ነው። ቀመሩ፣ ሠንጠረዡ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ማነጻጸሪያ ቡድን ከሌለ የሚያታልለን ምስጋና ብቻ አይደለም። አማካሪዎችን አብዝቶ የሚጥለው ወጥመድ ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው ክስተት ነው። ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲለካ አስተዋለው፤ እጅግ የረዘሙ ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም ወደ መካከለኛው ጠጋ ይላሉ። በምክር ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚይዝ ጠቅላላው ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ለምሳሌ ያህል የአንዲት ተማሪ ነጥብ በዓመቱ ውስጥ 11 አካባቢ ነው እንበል። ደኅና ሳምንት ሲሆን 8፣ ፈተናና የቤት ኪራይ ሲገጣጠሙ 15 ይሆናል። ወደ አማካሪ ቢሮ የምትመጣው መቼ ነው? 8 በሆነባት ሳምንት አይደለም። በ15ቱ ሳምንት መጥታ፣ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ብትለካ፣ ማንም ምንም ባያደርግላት እንኳ ነጥቧ ወደ 11 የመውረድ ዕድሉ ሰፊ ነው። አማካሪው 4 ነጥብ አሻሻልኩ ይላል፤ እሷም ታመሰግናለች፤ ሁለቱም ቅን ናቸው።

ለመመረቂያ የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች አሠራራቸው ይኸው ነው፦ ነጥባቸው ከፍ ያለ 40 ተማሪዎችን መርጦ፣ ስድስት ሳምንት በቡድን አማክሮ፣ ፊትና ኋላ ለክቶ፣ ልዩነቱ ጉልህ ነው ብሎ መደምደም። ስሌቱ ላይ ስሕተት አይገኝም፤ ልዩነቱም እውነት ነው። ምክሩ ያመጣው መሆኑን ግን ከዚያ ቁጥር ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት አይቻልም።

«ታዲያ ለማነጻጸር ስንል የተቸገረን ሰው ልንከለክል ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አገልግሎቱ ለሁሉም የማይዳረስ ከሆነ (መቼ ተዳርሶ ያውቃል?) ቅድሚያ የሚያገኘውን በዕጣ መለየት ከትውውቅ ይሻላል፤ ተራ የሚጠብቁት እስኪደርሳቸው ድረስ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን በጥያቄው ውስጥ የተደበቀው እምነት ነው፤ የምንሰጠው ነገር ይጠቅማል፣ ቢያንስ አይጎዳም የሚለው።

ዲብሪፊንግን እንውሰድ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አደጋ የደረሰበትን ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ አስቀምጦ የሆነውንና የተሰማውን አንድ በአንድ እንዲዘረግፍ ማድረግ በብዙ አገሮች ተለመደ። ሐሳቡ አእምሮ ይቀበለዋል፤ ውስጡ ያለውን ያወጣ ሰው ይቀለዋል ነው ነገሩ። በዌልስ ቢሶን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቃጠሎ የደረሰባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሞከሩት፤ ውጤቱ በ1997 ታተመ። ከ13 ወራት በኋላ ከአደጋ የሚመነጨው የአእምሮ ጭንቀት ሕመም የታየባቸው፣ ዲብሪፊንግ ካገኙት 26 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 9 በመቶው ነበሩ። ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ቆም ይላል፤ ዕጣው ሳያመጣጥን ቀርቶ ዲብሪፊንግ የደረሳቸው ከመነሻውም ቃጠሏቸው የከፋ ነበር። ስለዚህ ይህ ጥናት ብቻውን ጎጂነቱን አያረጋግጥም። ግን በ2000 በመኪና አደጋ ተጎጂዎች ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ቢሆን በመጀመሪያ በጣም ተረብሸው የነበሩት ዲብሪፊንግ ሲያገኙ እንደ ታመሙ መቆየታቸውን፣ ሳያገኙ ግን ማገገማቸውን አሳየ። ጥናቶቹ እየተደማመሩ ሲሄዱ ለአደጋ ተጎጂ ሁሉ ዲብሪፊንግ ይሰጥ የሚለው ምክር ተነሣ። አሁን የሚመከረው ማረጋጋት፣ አስፈላጊውን ማሟላት፣ መናገር ለሚፈልግ ጆሮ መስጠት፣ የማይፈልገውን አለማስጨነቅ ነው።

ዕጣ ራሱ ልዩነት ሊፈጥር ከቻለ ልዩነቱን መቼ ነው የምናምነው? ተማሪዎች የሚፈሩት የፒ ዋጋ የሚመልሰው ይህን ነው፦ ምክሩ ምንም ባይሠራ ኖሮ፣ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት ዕጣው ብቻውን ስንት ጊዜ ያመጣ ነበር? ሮናልድ ፊሸር በ1925 መጽሐፉ ከ20 አንድ ጊዜን አመቺ ወሰን ብሎ አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ 0.05 እንደ ሕግ ይታያል፤ ሕግ ግን አይደለም። ብዙ መለኪያ ያየ ተመራማሪ ከ20 አንዱ በአጋጣሚ እንደሚወጣለት ማወቅ አለበት። የማኮርድን ሰባት ውጤቶችም በዚህ ዓይን ማንበብ ደግ ነው። በ2019 የታተመ ክትትል የእነዚያኑ ልጆች አሟሟት እስከ እርጅና ድረስ አጥንቶ በሁለቱ ቡድኖች መካከል በስታቲስቲክስ ጉልህ የሆነ ልዩነት አላገኘም። «ምክር ይገድላል» ለማለት የቸኮለ ሰው ካለ ይታረም። «ምክሩ ጠቀማቸው» የሚለው ግን እስካሁን ማስረጃ አላገኘም።

ይህን ሁሉ አንብቦ ሙያው ከንቱ ነው የሚል ካለ፣ ሜሪ ሊ ስሚዝና ጂን ግላስ በ1977 የሠሩትን ይመልከት። 375 ጥናቶችን በአንድ ላይ ቀምረው፣ ሕክምናና ምክር ያገኘ አማካይ ሰው ካላገኙት ከ75 በመቶ ያህሉ ይሻላል አሉ። አሐዙ በኋላ ብዙ ቢያከራክርም መንፈሱ ጸንቷል። በጥቅሉ ምክር ይሠራል፤ ሁሉም ምክር ግን አይሠራም፣ ለሁሉም ሰውም አይሠራም።

ለየትኛው ተገልጋይ እንደማይሠራ አማካሪው ራሱ ያውቅ ይሆን? አሜሪካ ውስጥ በአንድ የዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል፣ ማይክል ላምበርት የተባለ ተመራማሪ የነበረበት ቡድን ይህን ፈተነ። አማካሪዎቹ ከ100 ተገልጋዮች ስምንት ያህሉ እየባሰባቸው እንደሚሄድ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ከዚያ ከ550 ተገልጋዮች መካከል የትኞቹ እንደሆኑ እንዲገምቱ ተጠየቁ። እነሱ የጠቆሙት ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱን አገኙ። በእውነት የባሰባቸው 40 ነበሩ። ተገልጋዮቹ በየቀጠሯቸው በሚሞሉት ባለ 45 ጥያቄ ቅጽ ላይ የተመሠረተ ቀመር ከ40ዎቹ 36ቱን ለይቷል። ቀመሩ ያለምክንያት የጠረጠራቸው ሌሎችም አሉ፤ በእነሱ የሚጠፋው ግን «ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበርክ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚወስደው ደቂቃ ነው።