ላስ ቬጋስ የቤት እንስሳ፣ ሎስ አንጀለስ አውሬ

ላስ ቬጋስ ከሚገኝ የቤት እንስሳት መሸጫ ፌሬት ገዝቶ በመኪናው ወደ ሎስ አንጀለስ የሚመለስ ሰው የኔቫዳን ወሰን እንዳለፈ ሕግ ጥሷል። በደረሰኝ የተሸጠለት እንስሳ ካሊፎርኒያ ሲገባ ከተከለከሉ አውሬዎች ተርታ ይመደባል፤ ሊወረስበት ይችላል፤ ቅጣቱም ከ500 ዶላር ጀምሮ እስከ 10,000 ሊደርስ ይችላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ የሚኖር አበሻ ልጁ «ግዛልኝ» ብሎ ቢያስቸግረው መልሱ አጭር ነው ማለት ነው። የሚያስቀው ግን የፌሬት ምግብና መኝታ እዚያው ካሊፎርኒያ ሱቆች ውስጥ በግላጭ መሸጡ ነው።

ፌሬት ረዥም፣ ቀጭን፣ እግረ አጭር ሥጋ በል እንስሳ ሲሆን ክብደቱ ባብዛኛው ከሁለት ኪሎ አይዘልም። ላላየው ሰው መልኩ ዶሮ ቤት የሚያምሰውን ሽለምጥማጥ ያስታውሳል። ዝርያው ፖልካት ከሚባለው የአውሮፓ የዱር እንስሳ የመጣ ነው፤ ሰው ካላመደው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጥንት ሥራው የጥንቸል ጉድጓድ ገብቶ ጥንቸሎቹን ማስወጣት ነበር፤ በእንግሊዝ ገጠር ዛሬም ይህንኑ ይሠራል። እዚያ ለማሳደግ ፈቃድ አያስፈልግም።

ታዲያ ካሊፎርኒያን ምን አስፈራት? አምልጦ ዱር ይገባል፣ ተራብቶም መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎችን ይጨርሳል የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኒውዚላንድ በ1880ዎቹ ጥንቸል እንዲያጠፉላት ፌሬቶችን በብዛት ለቀቀች፤ እነሱ ግን መብረር በማይችሉ ወፎቿ ላይ ዘመቱ። በ2002 እዚያ መሸጥም ማርባትም ተከለከለ። በአሜሪካ መሸጫዎች የሚገኙት ፌሬቶች ግን አብዛኞቹ ገና በግልገልነታቸው የተኮላሹ ናቸው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ካለው ትልቁ እርባታ የሚወጡት ቀኝ ጆሯቸው ላይ ሁለት ሰማያዊ ነጥቦች ይነቀሱባቸዋል፤ መኮላሸታቸውና የሽታ ዕጢያቸው መውጣቱ የሚታወቀው በዚያ ምልክት ነው። የተኮላሸ እንስሳ እንዴት ተራብቶ ዱር እንደሚሞላ ለእኔ ግልጽ አይደለም። ቢሆንም በ2004 ክልከላውን የሚያላላ ሕግ አገረ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ጋ ሲደርስ ሳይፈርሙበት መለሱት። «ኪንደርጋርተን ኮፕ» በተባለው የ1990 ፊልም ላይ ከፌሬት ጋር የተወኑት እኚሁ ሰው ናቸው!

ሐዋይ የበለጠ ታከራለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሌለባት የደሴቶች ግዛት ስለሆነች ቅጣቱ እስከ 200,000 ዶላርና ሦስት ዓመት እስር ይሄዳል። በራሱ ፈቃድ የሚያስረክብ ግን አይከሰስም። ኒው ዮርክ ከተማም በ1999 ከልክላለች፤ በ2015 ይነሳ ተብሎ ድምፅ ቢሰጥም የሚበቃ ድጋፍ አልተገኘም። ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ያለ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ማሳደግ ይችላል።

ሕጉ ከፈቀደ ወጪው ይከተላል። የመግዣው ዋጋ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ባለፎቁ የሽቦ ቤትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፌሬት አንጀቱ አጭር በመሆኑ የበላው በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ሥጋ የበዛበት ምግብ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ መኖር አለበት። እህል የበዛበት ርካሽ ምግብ አይሆነውም። በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይተኛል፤ ሲነቃ ግን ጀርባውን ቀስሮ ወደ ጎን እየዘለለ ቤቱን ያምሳል፣ ካልሲና ቁልፍ እየጎተተ ሶፋ ሥር ይደብቃል። ይህ ያስቃል፤ የማያስቀው ላስቲክ መውደዱ ነው። የሪሞት ኮንትሮል ቁልፎችን አንድ በአንድ ነቅሎ ይውጥና አንጀቱ ይዘጋል። ያኔ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሒሳቡም ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር ያልፋል።

ክትባትም አለ። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ፌሬትን ከያዘ አይምርም። የሰው ኢንፍሉዌንዛም ይይዘዋል፤ በ1933 የለንደን ተመራማሪዎች የበሽታውን ቫይረስ ያገኙት በፌሬቶች ነበር፣ ከታመሙት ፌሬቶች አንዱም ከተመራማሪዎቹ በአንዱ ፊት ላይ አስነጥሶ አስያዘው። እናም ጉንፋን የያዘው ባለቤት ከእንስሳው መራቅ አለበት።

ከባዱ ወጪ የሚመጣው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ያብጣል፤ ጸጉሩ ከጭራው ጀምሮ ይረግፋል። ብዙ ሐኪሞች ይህን በግልገልነት ከመኮላሸት ጋር ያያይዙታል። ከቆዳ ሥር የሚቀበር የሆርሞን መድኃኒት ይረዳል፣ ግን በየጊዜው መታደስ አለበት። ቆሽት ላይ የሚወጣ ዕባጭም የተለመደ ነው፤ የደሙ ስኳር ወርዶ እንስሳው ይዝለፈለፋል። ዕድሜው ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ስለሆነ ግማሹ ጊዜ በሕክምና ሊያልፍ ይችላል። ደግሞ ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ፌሬት አያይም፤ የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው፣ ያስከፍላሉም። ሊገዛ ያሰበ ሰው ወደ መሸጫው ከመሄዱ በፊት በአቅራቢያው እንዲህ ያለ ሐኪም መኖሩን ደውሎ ይጠይቅ፤ የቤት ኪራይ ውሉንም ያንብብ፣ ግዛቱ የፈቀደውን አከራዩ ሊከለክል ይችላልና።