የብርሃን ድርና መንገዱ

የሰው ልጅ ሐሳቡን ከእግሩ ይልቅ አፍጥኖ ወደ ሩቅ አገር ለማድረስ ብዙ ዘዴ ሞክሯል። ነጋሪት ጎስሟል፤ በተራራ ራስ ላይ እሳት አንድዷል፤ መልእክተኛ በፈረስ ልኳል፤ በኋላም የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ ኤሌክትሪክን አገልጋዩ አድርጓል። ዛሬ ይህን ሥራ የያዘው ብርሃን ነው። ከጠጉር እምብዛም በማይወፍር የመስተዋት ክር ውስጥ የሚሮጥ ብርሃን፣ ለጥናታችን የምንፈልገውን መጽሔት፣ በባንክ የሚተላለፈውን ገንዘብና በውጭ አገር ያለውን የዘመድ ድምፅ ተሸክሞ ይመጣል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ፋይበር ኦፕቲክ የሚባለውን ነገር ስንሰማ «ይህ የሳይንስ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከፊዚክስ ባላነሰ የጂኦግራፊና የሕግ ጉዳይ ነው። እንዴት እንደሆነ በተራ እንመልከት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ክሩ ምንድን ነው? እጅግ ከጠራ መስተዋት የተሳበ ሲሆን ሁለት ክፍል አለው፤ ይኸውም ውስጠኛው ልብና ዙሪያውን የከበበው ሽፋን ነው። ሁለቱም መስተዋት ናቸው፤ ነገር ግን ብርሃን በልቡ ውስጥ ከሽፋኑ ይልቅ በጥቂቱ ዘግየት ብሎ እንዲሄድ ተደርገው ተሠርተዋል። ስለዚህ በልቡ ውስጥ የሚጓዘው ብርሃን ወደ ሽፋኑ ላፈንግጥ ቢል ድንበሩ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በቀላሉ ለመናገር፣ በአንደኛው ጫፍ ያለው ሌዘር በየሴኮንዱ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ብልጭ ይላል፤ በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ ብልጭታውን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም ወደ ፊደልና ወደ ድምፅ ይመልሰዋል።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ለብዙ ዘመን ምኞት ብቻ ሆኖ ቆይቷል፤ ምክንያቱም መስተዋት ብርሃንን ይውጣል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በነበረው መስተዋት ውስጥ ብርሃን 20 ሜትር ያህል ሲጓዝ ከመቶ እጅ አንዱ ብቻ ይተርፍ ነበር። በ1966 በሻንጋይ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ፣ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆካም ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ ጥፋቱ የመስተዋቱ ሳይሆን በውስጡ የተቀላቀለው ባዕድ ነገር መሆኑን አስረዳ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን የሚያተርፍ ክር ከተገኘ ነገሩ ለስልክ እንደሚያገለግልም አመለከተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ የአሜሪካው የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ ይህን ግብ አልፈው ሄዱ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ተራ ክር፣ ያው ከመቶ አንድ እጅ የሚቀረው ብርሃኑ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነው። ለካኦም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ ብርሃንን በብርሃንነቱ እንዳለ ማጠንከር ነው። ቀድሞ የደከመው ብርሃን በየመንገዱ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ እንደገና ብርሃን ይሆን ነበር። በ1987 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ ኤርቢየም የሚባል ማዕድን ጥቂት የተጨመረበት ክር ይህን ሥራ ያለ ኤሌክትሪክ ልውውጥ እንደሚፈጽም አሳዩ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ዓይነት የብርሃን ቀለም በአንድ ክር ላይ አንድነት መላክና ሁሉንም በአንድ መሣሪያ ማጠንከር ተቻለ። እያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ መልእክተኛ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ ይሄዳል። በ1988 አሜሪካን ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ያገናኘው የመጀመሪያው የአትላንቲክ የፋይበር ኬብል 40,000 የስልክ ንግግር በአንድ ጊዜ ይሸከም ነበር፤ ያን ጊዜም እጅግ ተደነቀ። በ2017 ከአሜሪካ ወደ ስፔን የተዘረጋው ማሪያ የተባለው ኬብል ግን በሴኮንድ 160 ቴራቢት እንዲሸከም ታቅዶ ነው የተሠራው። ይህም ከፊተኛው ኬብል ከመቶ ሺህ ጊዜ እጅግ ይበልጣል።

ታዲያ ይህ እድገት ማለቂያ የለውምን? አለው። ክሎድ ሻነን በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ማንኛውም የመልእክት መንገድ ሊያልፈው የማይችል ጣሪያ እንዳለው አስረድቷል። ብርሃኑን በማበርታት ጣሪያውን ከፍ እናድርግ ቢባል፣ የበረታ ብርሃን የመስተዋቱን ጠባይ ስለሚለውጥ መልእክቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሊቃውንቱ በሦስት መንገድ እየሠሩ ነው። አንደኛው እስካሁን ያልተነኩ ቀለማትን መጨመር ነው፤ በ2024 በጃፓን አገር በአንድ ተራ ክር ላይ በሴኮንድ 402 ቴራቢት ተልኳል። ሁለተኛው በአንዱ ክር ውስጥ ብዙ ልቦች ማኖር ነው፤ በ2023 በዚያው በጃፓን 38 ልብ ባለው ክር ከ22,000 ቴራቢት በላይ በሴኮንድ ተላልፏል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ሦስተኛው ልቡን ባዶ ማድረግ ነው። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ በአየር ውስጥ ወደ 300,000 ስለሚጠጋ፣ ልቡ አየር የሆነ ክር መልእክቱን ቀድሞ ያደርሳል። በ2025 የሳውዝሃምፕተን ሰዎች ያሳተሙት የዚህ ዓይነት ክር የሚያባክነው ብርሃን ከተራው መስተዋት እንኳ ያነሰ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሳይንስ ሰዎች ክብር ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን እኛን ይጠራል። ክሩ የቱንም ያህል ቢሻሻል በምድርና በባሕር ላይ ማለፍ አለበት፤ ምድርና ባሕር ደግሞ ባለቤት አላቸው። በየካቲት ወር 2024 በቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች ተቆረጡ። ምክንያቱም በጦርነቱ በሚሳይል የተመታች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች መንሳፈፏ እንደሆነ ይታመናል። መቶ ሺህ ጊዜ የተሻሻለው ጥበብ በአንድ የብረት መልሕቅ ተሸነፈ ማለት ነው። ባለቤትነቱም እየተለወጠ ሄዷል። የ1988ቱ ኬብል የስልክ ድርጅቶች ንብረት ነበር፤ ማሪያን ያዘረጉት ግን ከአንድ የስፔን የኬብል ኩባንያ ጋር ሆነው ማይክሮሶፍትና ፌስቡክ ናቸው። አፍሪካን ከሚዞረው ከ2አፍሪካ ኬብል ባለቤቶችም አንዱ ፌስቡክን የያዘው ሜታ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሳተላይት እያለ ይህ ሁሉ ምን ያሳስባል?» ይሉ ይሆናል። ሳተላይት ክር ላልደረሰበት ገጠር መልካም ረዳት ነው። ነገር ግን በአህጉራት መካከል ከሚተላለፈው መልእክት ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሄደው በባሕር ውስጥ ኬብል ነው።

አገራችን ከ1993 ወዲህ ባሕር በር የላትም። ስለዚህ ከውቅያኖሱ ክር ጋር የምንገናኘው በጎረቤቶቻችን፣ ይልቁንም ብዙ ኬብሎች ከባሕር በሚወጡባት በጂቡቲ በኩል ነው። በአገር ውስጥም ቢሆን ክሩ ብቻውን አይቆምም። ከግድቦቻችን ኤሌክትሪክ በሚያመጡት ታላላቅ ምሰሶዎች ጫፍ ላይ የተዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ፣ በብዙ ቦታ በሆዱ የመስተዋት ክር ይዞ ይሄዳል። አንዱ ሽቦ ለመብራትም ለትምህርትም ያገለግላል። ይህን ሽቦ ማን በስንት ዋጋ ይከራየው፣ ክሩ ከዋናው መሥመር ወጥቶ ወደ ወረዳው ትምህርት ቤት መቼ ይድረስ የሚለውን ላቦራቶሪ አይመልሰውም። መልሱ የሚገኘው በውል፣ በበጀትና በጉርብትና ፖለቲካ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ጓደኞች ሆይ፣ የሚቀጥሉት ዓመታት ክር ርካሽ፣ መንገድ ግን ውድ የሚሆንበት ዘመን ይመስላል። የሳይንስ ተማሪ የክሩን ጠባይ ሲያጠና፣ የሕግ ተማሪ የመተላለፊያ ውሉን፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የኪራይ ዋጋውን፣ የጂኦግራፊ ተማሪ አንዱ ሲበጠስ የሚተካውን ሁለተኛና ሦስተኛ መሥመር ማጥናት ይገባዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚፈረመው ውል እኛ ብናነበውም ባናነበውም ይፈረማል፤ ካነበብነው ግን ለልጆቻችን የሚደርሰው ብርሃን በማን መንገድና በምን ዋጋ እንደሚመጣ ለመናገር ድምፅ ይኖረናል።