የቢግ ቤን ነዳፊ፣ የሐሰተኛ ግንብ ጠላት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1834 ማታ የእንግሊዝ ፓርላማ ተቃጠለ። መነሻው ተራ ነገር ነበር። በድሮ ዘመን የግምጃ ቤት ሒሳብ ይመዘገብባቸው የነበሩ አሮጌ እንጨቶች ከጌቶች ምክር ቤት ሥር በሚገኝ ምድጃ ውስጥ ያለ ልክ ተማገዱ፤ እሳቱም ጢስ መውጫውን አልፎ ሕንፃውን በላው። የለንደን ሕዝብ በቴምዝ ወንዝ ዳር ተኮልኩሎ ሲያይ፣ ከተመልካቾቹ አንዱ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ወጣቱ ደስ ብሎታል። ጥቂት ቆይቶ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ የቅርብ ዘመን አርክቴክቶች በጥንቱ ሕንፃ ላይ የለጣጠፉት የሲሚንቶ ጌጥ እየተፈረካከሰ ሲወድቅ ማየት እንዴት እንዳረካው፣ ጥንታዊዎቹ ግድግዳዎች ግን በእሳቱ መካከል ጸንተው እንደቆሙ ተርኳል።

ይህ ወጣት ኦገስተስ ፒውጂን ነው። የኖረው 40 ዓመት ብቻ ነው። በርሚንግሃም፣ ኖቲንግሃም፣ ኒውካስልና የለንደኑ ሳውዝዋርክ፣ ባሕር ተሻግሮም በአየርላንድ ኪላርኒና ኤኒስኮርቲ፣ የካቶሊክ ካቴድራሎቻቸውን ያገኙት ከእሱ እርሳስ ነው። አጥቢያዎቹ፣ ገዳማቱና ትምህርት ቤቶቹ ሲጨመሩ ዝርዝሩ ይረዝማል። የዓለም ሕዝብ በፎቶግራፍ የሚያውቀውን የቢግ ቤን ሰዓት ማማም የነደፈው እሱ ነው። ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ፒውጂን የተወለደው ማርች 1 ቀን 1812 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ ከፈረንሳይ ተሰዶ የመጣ ነዳፊ ሲሆን፣ የመካከለኛውን ዘመን ሕንፃዎች እየለካ ንድፋቸውን በመጽሐፍ ያሳትም ነበር። ልጁም ሙያውን የቀሰመው ከአባቱና ከአባቱ ተማሪዎች ጋር ካቴድራል ለካቴድራል እየዞረ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የቅስቱን ውፍረት እየለካ ነው። ገና በ15 ዓመቱ ለዊንዘር ቤተ መንግሥት የቤት ዕቃ እንዲነድፍ ተቀጠረ። ካደገ በኋላ በዚያ ሥራው ራሱ ተሳልቆበታል፤ ወንበሩና ጠረጴዛው ሁሉ ትንሽ ካቴድራል እንዲመስል ተደርጎ፣ የተቀመጠበት ሰው በሹል ጌጡ ሳይቆስል ቢነሣ ዕድለኛ ነው የሚያሰኝ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ቲያትር ቤት ገባ። በኮቨንት ጋርደን በመድረክ አናጺነት ሠራ፤ ሸራ እንዴት ቤተ መንግሥት፣ ቀለምም እንዴት የድንጋይ ግድግዳ እንደሚመስል እዚያ ተማረ። ጀልባም ገዝቶ በባሕር መጓዝ ጀመረ፤ በ1830 ስኮትላንድ ውስጥ ሊዝ አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ለጥቂት ተረፈ። የተቀረጸ የቤት ዕቃ ማምረቻ ከፍቶ ከሰረ። በ1832 የመጀመሪያ ሚስቱ በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አባቱ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ እናቱ ተከተሉ። በ21 ዓመቱ ሕፃን ልጅ የያዘ፣ ወላጅ የሌለው፣ ሚስት የሞተችበት ሰው ሆነ።

በ1835 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ። ይህ በዚያን ዘመን ለአንድ አርክቴክት ትርፋማ ውሳኔ አልነበረም፤ ገንዘቡም ሥልጣኑም በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። የእንግሊዝ ካቶሊኮች ሙሉ የዜግነት መብት ያገኙት በ1829 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የጸሎት ቤት ሲፈቀድላቸው እንኳ ማማና ደወል እንዳይኖረው በ1791 ሕግ ተከልክሎ ነበር። እገዳው ሲነሣ ግን ምእመናኑ ከጓሮ አዳራሽ ወጥተው በዐደባባይ የሚታይ ቤተ ክርስቲያን ፈለጉ። የሚሠራላቸው ሰው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

በተከታዩ ዓመት «ንጽጽሮች» የተሰኘ መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳተመ። የመጽሐፉ ጉልበት ከጽሑፉ ይልቅ በሥዕሎቹ ላይ ነው፤ በየገጹ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃና የ19ኛው ክፍለ ዘመን አቻው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንደኛው ሥዕል ያጌጠ የሕዝብ ምንጭ አለ፤ በሌላው በፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ የተቆለፈ የውኃ ቧንቧና ከአጠገቡ የሚባረር ልጅ። በ1841 ሁለተኛ እትም ላይ የተጨመረው ሥዕል ይብሳል። በጥንት ዘመን ድሃው በገዳም ጥላ ሥር እየበላ ይኖራል፣ ሲሞትም በጸሎት ይቀበራል፤ በአዲሱ ዘመን ድሃ ማደሪያ ግን እንደ እስረኛ ይጠበቃል፣ አስከሬኑም ለሐኪሞች መማሪያ ይላካል። ፍርደ ገምድል መጽሐፍ ነው፤ የመካከለኛው ዘመን ረኀብና ወረርሽኝ በሥዕሎቹ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ያም ሆኖ ሕንፃ ያነጸውን ማኅበረሰብ ጠባይ ያሳያል የሚለውን ሐሳብ እንደዚህ አድርጎ በአንባቢ ፊት የደቀነ እንግሊዛዊ ከእሱ በፊት ማግኘት ይከብዳል።

በ1841 የታተመው ሁለተኛው ዋና መጽሐፉ ስለ ግንባታ ደንብ የተጻፈ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው። ለአገልግሎት፣ ለግንባታው ጥንካሬ ወይም ለሕንፃው ክብር የማያስፈልግ ነገር በሕንፃ ላይ አይኑር፤ ጌጥም የግንባታውን አካል የሚያሳምር እንጂ ለብቻው የሚለጠፍ አይሁን። ሲሚንቶ ድንጋይ መስሎ፣ ልስን እብነ በረድ መስሎ መታየት የለበትም። ጎቲክ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ስልት ሹል ቅስት ድንጋዩ ሸክሙን እንዴት እንደሚሸከም በግልጽ ያሳያል፤ በዚያ ላይ ክርስቲያን ያበጀው ነው። የግሪክና የሮም ዓምድ ግን ለጣዖት ቤት የተፈጠረ በመሆኑ ለቤተ ክርስቲያን አይገባም ባይ ነበር። ይህን የሚለው ሸራን ቤተ መንግሥት ሲያስመስል የኖረው የቲያትር አናጺ መሆኑ ያስገርም ይሆናል፤ ምናልባት ማስመሰልን አጥብቆ የጠላው ከውስጥ ስላወቀው ነው።

ደንቡን እስከ መጨረሻው የፈጸመበት ሥራ በስታፈርድሺር አውራጃ ቺድል በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛል። የቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን በ1846 ተመረቀ። ገንዘቡን የሰጠው ባለጸጋው ካቶሊክ ባላባት የሽሩዝበሪው ኧርል ነው። የማማው ሹል ጫፍ 61 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። በምዕራብ በኩል ያሉት መዝጊያዎች ቀይ ሆነው፣ የኧርሉ ቤተሰብ ዓርማ የሆኑ ግዙፍ ወርቃማ አንበሶች ተዘርግተውባቸዋል። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ቀለም ያልነካው ስንዝር ቦታ ለማግኘት ይቸገራል፤ ዓምዱ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉ ሁሉ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በወርቅ ተሸፍኗል። ብዙ ጊዜ በጎቲክ ሕንፃ ላይ ከፒውጂን ጋር የማይስማሙት ካቶሊኩ የሃይማኖት ሊቅ ጆን ሄንሪ ኒውማን እንኳ እዚያ ያለውን የቅዱስ ቁርባን ጸሎት ቤት አይተው አድናቆታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

በዚህ ሁሉ ሥራ ረዳት ነዳፊ አልቀጠረም ማለት ይቻላል። በምትኩ አራት ሰዎችን ያዘ። ግንበኛው ጆርጅ ማየርስ ነበር። የበርሚንግሃም የልብስ ቁልፍ አምራች ቤተሰብ ልጅ የሆነው ጆን ሃርድማን መቅረዝና ጽዋውን፣ ከ1845 ጀምሮ ደግሞ ባለቀለም መስታወቱን ሠራ። የሸክላ ንጣፉ የኸርበርት ሚንተን፣ የግድግዳ ቀለሙና ወረቀቱ የጆን ክሬስ ድርሻ ነው። ፒውጂን ንድፉን በፍጥነት ሞነጫጭሮ በፖስታ ይልክላቸዋል፤ እነሱም የልቡን ያውቁታል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን እንደዚያ የሚረግመው ሰው ያለ ምድር ባቡርና ያለ ርካሽ ፖስታ አንድ ዓመት እንኳ መሥራት እንደማይችል ለማየት ደብዳቤዎቹን መቁጠር ይበቃል።

ከካህናቱ ጋር ግን ተጣላ። ጠቡ የተነሣው በመቅደሱና በሕዝቡ መቆሚያ መካከል በሚቆመው፣ ስቅለት ከላዩ ባለበት የእንጨት መከለያ ነው። ፒውጂን መከለያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አይመስለውም፤ ምሥጢር መጋረድ አለበት። የመቅደስ መጋረጃ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ክርክሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከሮም የተመለሱት ካህናት ግን ምእመኑ መንበሩን ወለል አድርጎ እንዲያይ ፈለጉ። በበርሚንግሃሙ የቅዱስ ቻድ ካቴድራል መከለያው እንዲነሣ ሲጠየቅ ሥራውን ጥሎ እንደሚሄድ ዛተ፤ በ1841 በዛቻው አሸነፈ። በ1851 በዚሁ ጉዳይ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። በ1967 ግን ካቴድራሉ መከለያውን አነሣው፤ ዛሬ በሬዲንግ ከተማ በአንድ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሟል።

ሁሉም ደንበኛ እንደ ኧርሉ ባለጸጋ አልነበረም። ድሃ አጥቢያ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በትንሽ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ፒውጂን እሺ ብሎ ግድግዳውን ያሳሳል፣ ማማውን ለወደፊት ይተወዋል። የሳውዝዋርኩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በ1848 ሲከፈት ማማው ጎዶሎ ነበር፤ እስከ መጨረሻም አልተሠራም። የሥነ ጥበብ ሐያሲው ጆን ረስኪን በ1851 ይህንኑ ሕንፃ እያነሣ ክፉኛ ዘለፈው። ዘለፋው ፍትሐዊ አልነበረም፤ ስለ ሐቀኛ ግንባታ ረስኪን ራሱ የሚሰብከው ከፒውጂን ስብከት ብዙም አይርቅምና። ሩቅ አገር ያሉት ሥራዎቹ በተቃራኒው ዕድል ቀናቸው፤ ወደ ታዝማንያ ለሚሄዱ ጳጳስ ወዳጁ የእንጨት ሞዴሎች አሠርቶ ሰጣቸው፣ በሞዴሎቹም መሠረት እሱ ያላያቸው ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት በደሴቲቱ ገጠር ተሠሩ።

ወደ ፓርላማው እንመለስ። ለአዲሱ ሕንፃ በወጣው ውድድር 97 ንድፎች ቀርበው በ1836 ያሸነፈው ቻርልስ ባሪ ነው። ባሪ አዳራሽና መተላለፊያን ማቀናጀት ያውቅበታል፤ የጎቲክ ጌጥ ግን የፒውጂን እጅ ነው፣ የውድድሩንም ሥዕሎች የሣለለት እሱ ነበር። ከ1844 ጀምሮ በዓመት 200 ፓውንድ እየተከፈለው ዙፋኑን፣ ወንበሩን፣ የግድግዳ ወረቀቱን፣ የበር እጀታውንና የቀለም መያዣውን ሳይቀር ነደፈ። የጌቶች ምክር ቤት አዳራሽ በ1847 ሲከፈት ምስጋናው ለባሪ ሄደ። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ፣ በ1867 የፒውጂን ልጅ ኤድዋርድ የሕንፃው እውነተኛ ነዳፊ ማን ነው ብሎ በጽሑፍ ሲጠይቅ የባሪ ልጅ መልስ ጻፈ፤ የልጆቹ ሙግት ብዙ ወረቀት ፈጀ። ሕንፃው የሁለቱም ነው ማለት ለእውነት የሚቀርብ ይመስላል።

ፒውጂን ያተረፈውን ያፈሰሰው በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ራምዝጌት ላይ ነው። እዚያ ባሕር የሚቃኝበት ማማ ያለው ቤት ሠራ፤ በራሱ ጀልባ እየወጣ በአሸዋ ደለል የተያዙ መርከቦችን ይረዳ ነበር። ከቤቱ አጠገብ ከ1845 ጀምሮ ከኪሱ እያወጣ የቅዱስ አውግስጢኖስን ቤተ ክርስቲያን ገነባ፤ በስሙ የተሰየመለት መነኩሴ በ597 ወንጌልን ይዞ የወረደው በዚያው ጠረፍ ነውና። ውጪው በተጠረበ ባልጩት፣ ውስጡ በድንጋይ የተሠራ ጠንካራ ሕንፃ ነው። ደንበኛውም አርክቴክቱም እሱ ስለሆነ የሚያሳሳው ግድግዳ አልነበረም። የማማው ሹል ጫፍ ግን እዚህም አልተሠራም።

በ1852 መጀመሪያ የሰዓት ማማውን የመጨረሻ ንድፎች ለባሪ አስረከበ። በፌብሩዋሪ ከልጁ ጋር በባቡር ሲጓዝ አእምሮው ታወከ፤ ለንደን ሲደርሱ ሰው መለየት አልቻለም። በዚያው ዓመት የገባበት የቤትለም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ ከአራት ዓመት በፊት ሦስተኛ ሚስቱን ጄንን ካገባበት ከሳውዝዋርኩ ካቴድራሉ ፊት ለፊት ነበር። ጄን ከሆስፒታሉ አውጥታ ወደ ራምዝጌት መለሰችው፤ ሴፕቴምበር 14 ቀን ሞቶ በሠራው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ስምንት ልጆች ትቶ ነበር። ቢሮውን የተረከበው ኤድዋርድ ገና 18 ዓመቱ ነው። ቤትለም የነበረበት ሕንፃ አሁን የጦርነት ሙዚየም ነው።

የፒውጂንን ደንብ በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ማየት ለሚሻ የሚንተን ንጣፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። በንጣፉ ላይ ያለው አበባ ወይም አንበሳ በቀለም የተሣለ አይደለም። እርጥብ ሸክላ በቅርጽ ማውጫ ይታተማል፤ የጎደጎደው ቦታ በሌላ ቀለም ሸክላ ይሞላል፤ ሲደርቅ ገጹ ተፍቆ ይተኮሳል። ስለዚህ ምስሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ እግር ሲፍቀው ቶሎ አይጠፋም። ቢሆንም ከ150 ዓመት በላይ የተረገጠው የፓርላማው ወለል በቦታ በቦታው ስለ አለቀ፣ ምትኩን በሽሮፕሺር አውራጃ ጃክፊልድ የሚገኙ ሸክላ ሠሪዎች በዚያው የድሮ ዘዴ አንድ በአንድ በእጃቸው ሠርተውለታል።