ቤት በአንድ ከተማ፣ ሥራ በሌላ ከተማ፦ የአሜሪካ አብራሪዎች ምልልስ

የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪ ቤቱ አንድ ከተማ፣ ሥራው ሌላ ከተማ መሆኑ የተለመደ ነው። ለምሳሌ ሚስትና ልጆቹ ታምፓ ይኖራሉ፤ የእሱ ምድብ ኒው ዮርክ ነው። ሥራ የሚገባው ታዲያ በመኪና ወይም በባቡር ሳይሆን በአውሮፕላን ነው፤ ያውም ክፍት መቀመጫ ከተገኘ። ለዚህ ጉዞ ደመወዝ አይታሰብም፤ የሥራ ሰዓትን የሚገድበው ሕግም አይቆጥረውም። የአብራሪውን እንቅልፍ፣ የቤተሰቡን ኑሮና ከኋላ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ደኅንነት ግን በቀጥታ ይነካል።

ቤዝ እንዴት ይሠራል?

ቤዝ አብራሪው የተመደበበት፣ በረራውን ጀምሮ የሚጨርስበት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ብዙ ቤዝ አላቸው። ዩናይትድ ቺካጎን፣ ዴንቨርን፣ ሂውስተንን፣ ኒውዋርክን፣ ሳን ፍራንሲስኮንና ዋሽንግተን ደለስን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች አብራሪዎች ይመድባል። የዴልታ ዋናው ቤዝ አትላንታ ሲሆን ዲትሮይት፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ሲያትልና ኒው ዮርክም ቤዞቹ ናቸው።

አብራሪው ከቤዙ ተነሥቶ ሦስትና አራት ቀን ሲዞር በየሄደበት የሆቴሉንና የውሎ አበሉን ወጪ ኩባንያው ይሸፍናል። ቤዙ ላይ ሲደርስ ግን የት እንደሚያድር በአብዛኛው የራሱ ጉዳይ ነው። ኩባንያው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተባለው ሰዓት፣ አርፎና ተዘጋጅቶ መገኘቱን።

የት እንደሚመደብ የሚወስነው በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል የሚሰጥ ቁጥር ነው። አብራሪው ሲቀጠር ቁጥር ይሰጠዋል። ቤዙ፣ የሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት፣ ካፒቴን ወይም ረዳት አብራሪ መሆኑ፣ የወሩ ፕሮግራምና የዕረፍት ፈቃዱ ሁሉ በዚያ ቁጥር ይወሰናሉ። ከፊቱ ያሉት መርጠው ሲጨርሱ የቀረውን ይወስዳል። ቁጥሩ ወደ ላይ የሚወጣው ከበላዩ ያሉት 65 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ ወይም በሌላ ምክንያት ሲለቁ ነው። ሃያ ዓመት በካፒቴንነት የሠራ ሰው እንኳን ወደ ሌላ ትልቅ አየር መንገድ ቢዛወር እንደ አዲስ ተቀጣሪ ከታች ይጀምራል። ቤዙን የጠላ አብራሪ ኩባንያ ልቀይር ለማለት የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኑሮ የከበደባቸው እንደ ኒው ዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ከተሞች ብዙ ጊዜ የጀማሪዎች ዕጣ ይሆናሉ። ጥቅም ግን አላቸው። ነባሮቹ ስለማይፈልጓቸው እዚያ የሚቆይ ወጣት የተሻለ ፕሮግራም ይደርሰዋል፣ የካፒቴንነት ማዕረግም ቶሎ ያገኛል። እየተመላለሱም ቢሆን እዚያው መቆየትን የሚመርጡ አብራሪዎች ያሉት ስለዚህ ነው።

ለምን ቤታቸውን አይቀይሩም?

ከሩቅ ለሚያይ ሰው መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ወዳለበት መዛወር። ችግሩ ቤዝ ራሱ የሚታመን አለመሆኑ ነው። ቲ ደብልዩ ኤ የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካን ኤርላይንስ ሲጠቀለል ዋና ማዕከሉ የነበረችው ሴንት ሉዊስ ብዙም ሳትቆይ በረራዋ ተመናመነ። ፒትስበርግ በ2004 የዩ ኤስ ኤርዌይስ ማዕከልነቷን አጣች። ዴልታም በ2013 ሜምፊስን ከማዕከልነት አወጣ። እነዚህን ከተሞች ብሎ ቤት የገዛ አብራሪ ሳይንቀሳቀስ ተመላላሽ ሆነ።

የትዳር ጓደኛ ሥራ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የአረጋውያን ወላጆች ጉዳይም አለ። ግብርም ይጨመርበታል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በብዙ ግዛቶች ላይ የሚበር አብራሪ በአብዛኛው የገቢ ግብር የሚከፍለው ለሚኖርበት ግዛት ነው። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ቴነሲና ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይጥሉም።

ምልልሱ በቅርብ ሲታይ

ለአብራሪዎች ምልልስ መሠረቱ ጃምፕ ሲት ነው። በኮክፒቱ ውስጥ ከሁለቱ አብራሪዎች ጀርባ የሚዘረጋ ተጣጣፊ ወንበር ነው። በቦይንግ 737 ላይ ጠባብ ነው፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ለጉልበት ብዙ ስፍራ የሌለው። አየር መንገዶች አንዱ የሌላውን አብራሪ በዚህ ወንበር በነፃ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ በሌላ ኩባንያ ኮክፒት መሳፈር ተከልክሎ ነበር፤ የአብራሪውን ማንነት ወዲያው የሚያረጋግጥ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ሲዘረጋ ተመለሰ።

ሥርዓቱ የጨዋ ነው። ተመላላሹ በመሳፈሪያው በር መታወቂያውን አሳይቶ ይጣራል። ከዚያ ወደ ኮክፒቱ ገብቶ ሰላምታ ይሰጥና «ካፒቴን፣ አብሬዎት ብሄድ ይፈቅዱልኛል?» ይላል። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም የመጨረሻው ፈቃድ የካፒቴኑ ነው። ከኋላ ክፍት መቀመጫ ካለ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይላካል። ከእሱ ቀድሞ ሌላ አብራሪ ከተመዘገበና አውሮፕላኑም ከሞላ በሩ ሲዘጋ ቆሞ ያያል። በብዙ አየር መንገዶች የሠራተኛ ማኅበሩ ውል ለዚህ ችግር መላ አበጅቷል፤ በሰዓቱ የሚያደርሱ ሁለት በረራዎችን ሞክሮ ያልተሳካለት አብራሪ በመቅረቱ አይቀጣም። የዚያን ጉዞ ክፍያ ግን ሊያጣ ይችላል።

ጊዜውን እናስላው። የአራት ቀን ጉዞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል እንበል። ከሌላ ከተማ የሚመጣው አብራሪ ዋዜማውን መግባት አለበት። በአራተኛው ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቢያርፍ ወደ ቤቱ የሚሄደው የመጨረሻ በረራ አምልጦታል፤ እዚያው ያድራል። አራት ቀን የሚከፈልበት ሥራ ስድስት ቀን ከቤት አራቀው። የሰዓት ልዩነትም አለ። ኒው ዮርክ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሲያትል ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሲያትል የሚኖር ሰው አካሉ ሊተኛ በሚገባው ሰዓት ሥራ ይገባል። ስለዚህ ተመላላሾች ወሩን ሲመርጡ ዘግይቶ የሚጀምርና ቀደም ብሎ የሚያልቅ ጉዞ ይፈልጋሉ። እሱንም የሚያገኘው ቁጥሩ ያደረሰው ነው።

ከሁሉ የከፋው የተጠባባቂነት ጊዜ ነው። ተጠባባቂ አብራሪ ስልክ ሲደወልለት ብዙ ጊዜ በአጭር ጊዜ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ፣ ማረፊያው መድረስ አለበት። ቤዙ ላይ የሚኖር ሰው ከልጆቹ ጋር ሆኖ ይጠብቃል። ተመላላሹ ግን በክራሽ ፓድ ነው የሚጠብቀው።

ክራሽ ፓድ ከማረፊያው አቅራቢያ ብዙ የአየር መንገድ ሠራተኞች በጋራ የሚከራዩት ቤት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ከኬኔዲና ከላጋርዲያ ማረፊያዎች ብዙም የማይርቀው ኪው ጋርደንስ ሰፈር በዚህ የታወቀ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ይደረደራሉ፤ በቀንም የሚተኛ ስላለ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ይሸፈናል። የራሱ አልጋ ያለው ተከራይ ላቅ ያለ ኪራይ ይከፍላል። ሌላው በተገኘው አልጋ ላይ የራሱን አንሶላ አንጥፎ ይተኛል፤ ሲነሣም አጣጥፎ ወደ ሳጥኑ ይመልሳል። ወጪው በሙሉ ከአብራሪው ኪስ ነው።

ኒውዋርክ ያስተማረው

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ምሽት ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረው የኮልገን ኤር በረራ 3407 ሊያርፍ ሲቃረብ ወደቀ። የተሳፈሩት 49 ሰዎችና በወደቀበት ቤት የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ለአደጋው ምክንያት ያለው፣ አውሮፕላኑ ፍጥነት ማጣቱን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ሲሠራ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው። ምርመራው ግን የሁለቱን አብራሪዎች ምልልስም ገለጠ። ካፒቴኑ ነዋሪነቱ ፍሎሪዳ ሲሆን ከአደጋው በፊት የነበረውን ሌሊት ያሳለፈው በማረፊያው የሠራተኞች ክፍል ነበር። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ተነሥታ፣ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን በሜምፊስ በኩል አቋርጣ፣ በዚያው ዕለት ንጋት ኒውዋርክ ደርሳለች። ቦርዱ ድካም የሁለቱንም ብቃት ሳይቀንስ እንዳልቀረ ገልጾ ምን ያህል እንደቀነሰው ግን መለካት አልተቻለም አለ። በኒውዋርክ ከተመደቡት 137 የኩባንያው አብራሪዎች 93ቱ ተመላላሾች ነበሩ፤ 29ኙ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ይኖሩ ነበር።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ባደረጉት ብርቱ ትግል በ2010 አዲስ ሕግ ወጣ። እሱን ተከትሎ የመጣውና ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ የሚሠራው የዕረፍት ደንብ ለተሳፋሪ በረራ አብራሪ ከሥራ በፊት ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት፣ በውስጡም 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የመኝታ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። አብራሪውም ለሥራ ብቁ መሆኑን ከበረራ በፊት ያረጋግጣል። የሥራው ሰዓት የሚቆጠረው ግን ለሥራ ከቀረበበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ከሲያትል የመጣውም፣ ከማረፊያው ጎን የሚኖረውም በሕጉ ፊት እኩል ያረፉ ናቸው።

የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩን እንዲያጠና ያዘዘው የብሔራዊ ምርምር ካውንስል በ2011 ምልልስን በርቀት ወይም በሰዓት ለመገደብ በቂ መረጃ የለም አለ። ለአብራሪዎች ግን ግልጽ ምክር ሰጠ፤ ከሥራ በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት ለመተኛት ይጣሩ፣ ከነቁበት ሰዓት እስከ ሥራው ፍጻሜ ያለው ጊዜም ከ16 ሰዓት ገደማ እንዳይበልጥ አድርገው ጉዟቸውን ያቅዱ። ይህን የሚቆጣጠር ተቋም የለም፤ ተቆጣጣሪው አብራሪው ራሱ ነው።

ለእኛ ወጣቶች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማዕከል ቦሌ ስለሆነ አዲስ አበባ ለሚኖር አብራሪ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። በአሜሪካ ለሚያድጉት ልጆቻችን ግን ይነሣል። የበረራ ትምህርት ለመጀመር ለሚያስቡትና ለወላጆቻቸው አንድ መልካም አጋጣሚ አለ፤ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው የዋሽንግተን አካባቢ፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ ዴንቨርና ሚኒያፖሊስ ሁሉም የትልልቅ አየር መንገዶች ቤዝ ናቸው።

ስለዚህ ኩባንያ ስትመርጡ ደመወዙንና የአውሮፕላኑን ዓይነት ብቻ አትዩ። ቤዞቹ የት እንደሆኑ፣ አዲስ ተቀጣሪ ወደምትፈልጉት ቤዝ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት እዚያ የሚሠሩትን ጠይቁ። መመላለስ ግድ ከሆነ በቀን ብዙ ቀጥታ በረራ ያለበትን መስመር ምረጡ፤ ሁለት አውሮፕላን መቀያየር ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። ለአልጋው ኪራይ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ በጀት ያዙ፣ ዋዜማውን ግቡ። እንቅልፍ ካልበቃችሁም ለበረራው ብቁ ነኝ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ዛሬ ደክሞኛል» ብላችሁ ተናገሩ። ከኋላችሁ የተሳፈረው ሰው ሌሊቱን የት እንዳደራችሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።