የኢሜይል ደብዳቤ አያያዝ

በመዝገብ ቤት ሥርዓት ገቢ ደብዳቤ ቍጥርና ቀን ተሰጥቶት በየጉዳዩ ፋይል ይታሰራል። በኢሜይል የሚመጣው ግን በቀጥታ ከሠራተኛው ዘንድ ስለሚደርስ፥ መዝጋቢው ያው ሠራተኛው ራሱ ነው። ደብዳቤው የገባበት ሲጠፋ «ነገ ተመለስ» የሚባለው ባለጉዳዩ ነው።

ብዙ ሰዎች መድኃኒቱ ፎልደር ማብዛት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች 345 ሰዎችን ተከታትለው ባሳተሙት ጥናት፥ ደብዳቤን በፎልደር ማግኘት በአማካይ 58 ሴኮንድ፥ ቃል ጽፎ በመፈለግ ግን 17 ሴኮንድ ያህል ፈጅቶ ተገኝቶአል። ፎልደር የሚከፍት ሰው «ግዥ ውስጥ ይሆን ወይስ በጀት ውስጥ?» እያለ ይዋልላልና፥ ይህ ብዙ አያስደንቅም።

በአማርኛ ሲሆን ግን ፍለጋውም ሳንካ አለበት። «ሥራ» እና «ስራ» ለእኛ በንባብ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን «ሥ» እና «ስ» ልዩ ልዩ ፊደላት ስለሆኑ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲላክማ፥ ቃሎቹ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይፈለጉም። ስለዚህ ላኪው በኢሜይሉ ርእስ ላይ የደብዳቤውን ቍጥር ቢጽፍ ይበጃል፤ አኃዝ እንደ ሆሄ አያከራክርም።

ፎልደሩም ከሦስት ወይም ከአራት ባይበልጥ ይመረጣል። ከእነዚሁም አንዱ መልስ ያልተሰጣቸው ደብዳቤዎች የሚቆዩበት ይሁንና፥ ማለዳ ማለዳ በቅድሚያ ይከፈት።